ድንኳኑ ለምን ዘመመ? ሩማቶይድ አርትራይተስ እና እግራችን

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የምንነጋገረው ጫማችንን አውልቀን ነው። ካልሲም ጭምር። አይዟችሁ፣ ሽታ በስልክ አያልፍም።

በመጀመሪያ አንድ ድንኳን እንትከል። ምሰሶ አለው፣ ሸራ አለው፣ ዙሪያውን በካስማ የተወጠሩ ገመዶች አሉት። ቀጥ ብሎ የቆመው በምንድን ነው? "በምሰሶው" እንዳትሉኝ። ምሰሶውን ብቻውን አቁሙትና እዩት፤ ብቻ ራቅ በሉ። ድንኳኑን ያቆመው የገመዶቹ ውጥረት ነው። እንግዲህ አንደኛው ገመድ ክር በክር መሳሳት ጀመረ እንበል። ድንኳኑ በዚያው ቀን አይወድቅም። ሸራው ትንሽ ይረግባል። ምሰሶው ትንሽ ይዘማል። የቀሩት ገመዶች ያልለመዱትን ሸክም ይይዛሉ፤ በተራቸው እነሱም ይሳሳሉ። ይሄኔ አንዱ መጥቶ "ምሰሶው ጠማማ ነው" ይላል። ምሰሶው ምን አደረገ?

እግራችን ያ ድንኳን ነው። 26 አጥንቶች አሉት፤ ገመዶቹ ጅማቶቹ ናቸው። ከሁሉም የምወደው ጅማት (አዎ፣ የምወደው ጅማት አለኝ) ከባት ተነሥቶ፣ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ዞሮ፣ የውስጥ እግርን ቅስት ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ነው።

ሩማቶይድ አርትራይተስን ባለፈው ስላየነው በአጭሩ ልለፈው። የሰውነት መከላከያ የራሱን የመገጣጠሚያ ሽፋን ያጠቃል፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ አጥንት ይሸረሸራል፣ ጅማት ይላላል። ያ የምወደው ጅማት ሲደክም ቅስቱ ይሰጥማል፣ ተረከዙም ወደ ውጭ ይዘማል። ከፊት በኩል አውራ ጣት በጎረቤቶቹ ላይ ይጋደማል፤ ሌሎቹ ጣቶች እንደ መንጠቆ ይቆለመማሉ። ከጣቶቹ ሥር ያለው የስብ ትራስ ወደ ፊት ስለሚሸሽ አጥንቱ ያለ ትራስ መሬት ይረግጣል። ሕመምተኞች "ጠጠር ላይ የምሄድ ይመስለኛል" የሚሉት ለዚህ ነው።

ቆይ፣ ቆይ። ባለፈው "ይህ እኮ ሪህ ነው" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አይደለም! ሪህ የዩሪክ አሲድ (በደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚጠራቀም የሰውነት ቆሻሻ) ጣጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት፣ በሌሊት፣ አንዱን አውራ ጣት ይይዛል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ሩማቶይድ ግን በአብዛኛው ቀስ ብሎ፣ በሁለቱም እግር ይገባል፤ ጠዋት ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይ መተሳሰር ያመጣል። "ዩሪክ አሲዴ ደህና ነው፣ ስለዚህ ነፃ ነኝ" ያልከኝ ወንድሜ፣ ያ ምርመራ ስለ ሩማቶይድ አንዲት ቃል አይናገርም። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው፤ ለሩማቶይድ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። ይህን የሚያምታታ ጓደኛ ካላችሁ ቪዲዮውን ላኩለት፤ ለቻናላችንም ይጠቅማል።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። የበሽታውን ብርታት ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት የ28 መገጣጠሚያዎች ቆጠራ (ሐኪሙ ያበጡትንና ሲነኩ የሚያሙትን የሚቆጥርበት) ጉልበት ላይ ሲደርስ ያቆማል። ቁርጭምጭሚትም ሆነ የእግር ጣት አይቆጠርም! ውጤቱ ደህና ሆኖ እግር እየነደደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሳትጠየቁ ካልሲያችሁን አውልቁ።

አሁን የራሳችሁን ገመድ እንይ። ስልካችሁን ከኋላችሁ መሬት ላይ አስደግፉና ባዶ እግራችሁን ቆማችሁ ቅረጹ። ከኋላ ሲታይ በውጭ በኩል ትንሿ ጣት፣ ቢበዛ ከጎረቤቷ ጋር ብቅ ትላለች። ሦስት አራት ጣት ከተሰለፈ ገመዱ ላልቶ ሊሆን ይችላልና ምስሉን ለሐኪም አሳዩ። ለእኔ ግን አትላኩ፤ ስልኬ ካሁኑ በሰው ተረከዝ ተሞልቷል።