መብራት እያለ

ሰላም ናችሁ። ዛሬ ሙዚቃም የለም፣ መግቢያም የለም። ስለ ጋሽ ዘበኛ ነው የማወራው። አዎ፣ ስለ ዩፒኤሱ፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን። «ደግሞ ጀመረው!» ያላችሁትን ሰምቻለሁ።

ነገሩ አልፏል እኮ። ባትሪውም ተቀይሯል። ግን እህቴ አሁንም በጎሪጥ ታየኛለች፤ እኔም ሌሊት ሌሊት ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ነው። ማታ ነው። እሷ የመመረቂያ ጽሑፏን ትጽፋለች። ምዕራፍ አራት፣ ያ የማያልቀው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ የጆሮ ማዳመጫዬን እፈልጋለሁ። ቬንትሌተሩ ይዞራል። አምፖሉ በርቷል። ጋሽ ዘበኛ ቀጭ አለ። «ምጣድ ተሰካ» ብዬ ዝም አልኩ። ወዲያው ስክሪኑ ድርግም!

ቀና ስል ቬንትሌተሩ አሁንም ይዞራል። ይሄ ነው የከነከነኝ። መብራት ሲሄድ እኮ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ለምደነዋል፤ ሻማ ፍለጋ እንነሳለን፣ አለቀ። ያን ማታ ግን ሰፈሩ ሁሉ መብራት አለው። ፍሪጁ እንኳ ያጉረመርማል። እንዳይጠፋብን ብለን የገዛነው ዕቃ ራሱ አጠፋው! እህቴ ጥቁሩን ስክሪን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እኔን አየች። «ምኑን ነካኸው?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ምንም አልነካሁም። ይመስለኛል።

ዩፒኤስ ራሱን ይፈትሻል። አንዳንዱ ሲበራ ይፈትሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ በየ14 ቀኑ፣ ማንም ሳያዘው። ለጥቂት ሰከንድ የግድግዳውን መብራት ይተውና ኮምፒውተሩን ባትሪው ላይ ይጭነዋል። ባትሪው ከቻለ ይመለሳል፤ እናንተም አታውቁም። ካልቻለ ግን ጊዜ የለም። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አዳዩ፣ ሙሉ ሲጫንበት ያለ መብራት የሚታገሠው ወደ 16 ሚሊሰከንድ ነው። ወደ ግድግዳው እስኪመለስ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ከዚያ ባትሪ ቀይሩ የምትለዋ ቀይ መብራት ትበራለች። በራች እኮ! «አየሽ፣ ራሱ ነው የፈተሸው» አልኳት።

ችግሩ፣ ያው ፍተሻ በቁልፉም ይጀመራል። አንዳንዱ ላይ የፊቱን ቁልፍ ትንሽ ተጭኖ መቆየት ነው። ጉልበቴ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነበር። ራሱ ቢጀምረው ቀይ ይበራል። ጉልበቴ ቢጀምረውም ቀይ ይበራል። ማስረጃ ከየት ላምጣ? «ይሁን፣ ተወው» ትላለች። ተወው ሲባል ደግሞ... እናንተ እህት አላችሁ፣ ታውቃላችሁ።

እና ያ ቀጭታ። ማታ ማታ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። አንድ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ያኔ ጋሽ ዘበኛ ቀጭ ይልና ከፍ ያደርገዋል። እማዬ ሳትቀር «ጎበዝ!» ትለው ነበር። ለካ እንደኛው ዓይነት ላይ ያን የሚሠራው ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ነው። ባትሪው ንክች አይልም። ስናመሰግነው የከረምነው ባትሪ ተኝቶ ነበር።

ሙቀቱም አለ። እነዚህ የእርሳስ ባትሪዎች 25 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚስማማቸው። በ10 ዲግሪ ሲያልፍ ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል። የሚያዝያን ባሕር ዳር አስቡት። ቆርቆሮ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ። ጊዮርጊስ በኩል ሐይቁ ዳር ያላችሁ ነፋስ አላችሁ፤ እኛ ዘንድ አይደርስም። ደግሞ ከዚሁ ሐይቅ በዋሻ ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የ460 ሜጋዋት ጣቢያ ያዞራል። እኔ ለአንድ ኮምፒውተር ባትሪ አቅፌ በባጃጅ እዞራለሁ። እሺ፣ ይሄን ልተወው፤ ውስጡ ከገባሁ አልወጣም።

ጥገና የሚሠራው ልጅ ቴስተሩን አሮጌው ባትሪ ላይ ሲያስነካው 12.6 ቮልት አለ። «ደህና ነው እኮ!» አልኩ። ሳቀብኝ። «ቆይ ወንድሜ» ብሎ የመኪና አምፖል አገናኘበት። 55 ዋት። ቁጥሩ ከ10 በታች ወረደ፤ አምፖሉም ቢጫ ሆኖ ደከመ። ሳይጫንበት ደህና ነው፤ ሲጫንበት የለም። ይሄንን ወደ ሰው ልወስደው ነበር፤ ግን እህቴ «ስብከት» ብላ ትዘጋዋለች። ልክ ናት መሰለኝ።

እሷ አሁን ራሱን የሚፈትሽበትን እናጥፋው ትላለች። በሶፍትዌር የሚጠፋላቸው አሉ። ግን ካጠፋነው ባትሪው መሞቱን የምናውቀው መብራት ሲሄድ ነው። ካላጠፋነው ደግሞ እንደገና በምዕራፍ አራት መሀል... ስለዚህ ኮምፒውተሩን ዘግተን፣ የጠረጴዛ መብራት ሰክተን፣ እሁድ እሁድ ልንሞክረው ተስማማን። ቁልፉን የምትጫነው እሷ ናት። እኔ በሩ ጋ እንድቆም ታዝዣለሁ። ግን መብራቱ 5 ዋት ኤልኢዲ ነው! 5 ዋት ምኑን ይፈትነዋል? ይሄን ልነግራት ፈልጌ... አሁን ጊዜው አይደለም።

ወይስ በቃ «ጉልበቴ ነው» ልበላትና ይለቅልኝ? ካልሆነስ? እኔ እኮ እውነት ለመናገር...