የተሰበረ የዳሌ ጽዋ እንዴት ይጠገናል?

(ምስል፦ መኪና በድንገት ሲቆም)

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ግጭቱ ግን አልቀረም። ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተመ። ጉልበቱ ላይ የሚታየው ጭረት ብቻ ሊሆን ይችላል። ምቱ ግን በጭን አጥንቱ ተጉዞ ያረፈው ዳሌው ውስጥ ነው።

(ምስል፦ የዳሌ አጥንት)

የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው። የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አሲታቡለም ይባላል። ሮማውያን ኮምጣጤ የሚያቀርቡባት ትንሽ ዕቃ ስም ነው፤ እኛ ጽዋ እንበለው። ጽዋውን ሁለት የአጥንት ምሰሶዎች ደግፈውታል፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሮበርት ጁዴ፣ ዣን ጁዴ እና ኤሚል ሌቱርኔል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ1964 እ.ኤ.አ. ስብራቱን በ10 መደቡት፤ 5 ቀላል፣ 5 ውስብስብ። ዛሬም ሐኪሞች የሚግባቡት በዚሁ ነው። ሁለቱም ምሰሶ ከተሰበረ፣ ወይም ጽዋው ለሁለት ተከፍሎ የኋላ ግድግዳውም ከተሰበረ፣ ውስብስብ ነው።

ኳሱ ከጽዋው ከወጣ ጊዜ የለም። ወደ ኳሱ የሚሄደው ደም ስለሚታፈን ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ በማደንዘዣ ይመለሳል። ሐኪሙ ከዚያ በፊት "የእግርህን ጣቶች ወደ ላይ አንሳ" ይላል። ካልተነሱ፣ ከመገጣጠሚያው ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ ነርቭ ተጎድቶ ይሆናል።

ቀዶ ሕክምናው ግን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ቤተሰብ "ምን ይጠብቃሉ?" ብሎ ቢበሳጭ አይፈረድበትም። የደም መፍሰሱ እስኪረጋጋ፣ ሲቲ ስካኑም በደንብ እስኪጠና ነው። ከ2 ሳምንት ባያልፍ ይመረጣል። ከ3 ሳምንት በኋላ ስብርባሪው በተዛባበት መጣበቅ ስለሚጀምር ሥራው ይከብዳል።

(ምስል፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል)

መንገዱን የሚወስነው ስብራቱ ነው፤ ከኋላ በመቀመጫ በኩል ወይም ከፊት በብሽሽት በኩል ይገባል፤ አንዳንዴም በሁለቱም። ስብርባሪው በመቆንጠጫ ተስቦ ይገጣጠማል፣ በቀጭን ሽቦ ለጊዜው ይያዛል። ከዚያ ሐኪሙ ስብራቱን የሚይዘውን ብረት እያጎበጠ በአጥንቱ ቅርጽ ልክ ያስተካክለውና በብሎን ያስረዋል። አንዲት ብሎን ሾልካ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባች በእያንዳንዱ እርምጃ ኳሱን ትፍቃለች። ስለዚህ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት በራጅ ይጣራል።

ጆኤል ማታ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም መለኪያቸው ጥብቅ ነበር። ከተገጣጠመ በኋላ የቀረው መዛነፍ ከ1 ሚሊሜትር ካልበለጠ አጥንቱ በትክክል ገጥሟል፣ ከ3 ካለፈ ግጥሙ ደካማ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት የ262 ስብራቶች ጥናት፣ የታካሚዎቹ የዳሌ ሁኔታ በ76 በመቶው ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የረጅም ጊዜ ክትትል ደግሞ ከ20 ዓመት በኋላም 79 በመቶው የገዛ መገጣጠሚያቸውን እንደያዙ ገመተ። ደስ ይላል፤ ግን የተካነ እጅ ውጤት መሆኑን አንርሳ።

ሁሉም በሐኪሙ እጅ አይደለም። ጽዋውን የሚያለብሰው ለስላሳ ሽፋን በአደጋው ጊዜ ከተፈጨ ብረት አይመልሰውም፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊከተል ይችላል። በጡንቻ ውስጥ ትርፍ አጥንት ሊበቅል፣ በእግር ደም ሊረጋም ይችላል። አጥንታቸው ለሳሳ አዛውንቶች፣ ጽዋው ክፉኛ ከደቀቀ፣ ስብራቱን አስሮ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አብሮ መትከልም አለ።

(ምስል፦ ክራንች)

ከ6 እስከ 12 ሳምንት የተጎዳው እግር መሬት ቢነካ እንኳ ክብደት አይሸከምም። ክራንቹ ከተጣለ በኋላም የመቀመጫ ጡንቻ ደካማ ስለሚሆን ሰውዬው ለወራት ያነክሳል። የኳሱ አጥንት ደም አጥቶ መሞቱ ደግሞ ዘግይቶ፣ አንዳንዴ ከዓመት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሕመም ባይኖርም የቀጠሮው ራጅ አይቀርም።