«ልብሽ ደህና ነው፣ ግቢ ቤትሽ»

እሷ፦ አክስቴ፣ ሜሪላንድ ያለችው፣ ባለፈው ደረቷን አፍኗት ኢመርጀንሲ ገብታ ነበር። ስድስት ሰዓት አቆይተው «ልብሽ ደህና ነው፣ ግቢ ቤትሽ» አሏት። ማታ ልብሷን ስትቀይር የልብ ምት የሚመረምሩበት የኢሲጂው ተለጣፊ ደረቷ ላይ ቀርቷል።

እሱ፦ (ሳቅ) ታዲያ ምን ሆና ነው?

እሷ፦ እሱን አልነገሯትም። እሷ ግን ብርድ ነው ብላ ፈርዳለች።

እሱ፦ ያው እኛ ጋ ወይ ብርድ ነው ወይ ጨጓራ። ደም ሁለቴ ቀድተዋታል?

እሷ፦ ሁለቴ። «የመጀመሪያውን ጣሉት እንዴ?» ስትል ነበር።

እሱ፦ አልጣሉትም። ትሮፖኒን የሚሉት ነገር አለ፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ግን ወዲያው ላይታይ ይችላል። ሕመሙ እንደጀመረ ሮጦ የሄደ ሰው የመጀመሪያ ውጤቱ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ለዛ ነው የሚደግሙት። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ ደማቸው ሁለቴም ንጹህ፣ ኢሲጂያቸው የማያሰጋ፣ ግፊታቸውም ደህና የሆነ 7,266 ሰዎች ለክትትል ተኝተው ነበር። እዚያው እያሉ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር የገጠማቸው ስንት ናቸው? 4።

እሷ፦ 4 ሰው ብቻ?

እሱ፦ ብቻ። ስለዚህ ሁለቴ ቀድተው የሸኙሽ ሐኪሞች አላባረሩሽም ማለት ነው።

እሷ፦ እሺ። እኔን ግን የከነከነኝ የፈረንጆቹ 2000 ጥናት ነው። እዛው አሜሪካ፣ 10 ሆስፒታሎች። ሃርት አታክ ከያዛቸው 889 ሰዎች 19ኙን በስህተት ወደ ቤት ልከዋቸዋል።

እሱ፦ 2 በመቶ ገደማ።

እሷ፦ በመቶኛው ትንሽ ነው። ግን የልብ ችግር እያለባቸው በብዛት የሚሸኙት እነማን ነበሩ መሰለህ? ከ55 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች። ነጭ ያልሆኑ። ከሕመሙ ይልቅ «ትንፋሽ አጠረኝ» ብለው የመጡ። ኢሲጂያቸው ደህና የመሰለ።

እሱ፦ ኧረ! አክስትሽን ነው የገለጹት።

እሷ፦ 52 ዓመቷ ነው። ስትገባም ያለችው «አየር አጠረኝ» ነው።

እሱ፦ የዛሬው ትሮፖኒን ምርመራ ከያኔው በጣም ስል ነው፣ እሱን እንዳንረሳ። ግን ስትወጣ የሰጧትን ወረቀት አንብባዋለች?

እሷ፦ ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። እኔ ነኝ ያነበብኩላት። «በ3 ቀን ውስጥ ሐኪምሽን አግኚ፣ ሕመሙ ከተመለሰ 911 ደውዪ» ይላል።

እሱ፦ ሄደች?

እሷ፦ ሰርግ አለብኝ አለች።

እሱ፦ ስንተኛ ቀኗ ነው?

እሷ፦ … አምስተኛ።

እሱ፦ በይ ደውዪላት። ቀረጻውን አቆመዋለሁ።