ናይትሬቱ አልወርድ ካለ ፊልተሩን ክፈቱት

[ምስል፦ ትንሽ የዓሣ ገንዳ። ሁለት ብርቱካናማ ክላውንፊሾች፣ ድንጋይ፣ ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች።]

ይህን ውሃ እዩት። ጥርት ያለ ነው አይደል? ከበስተጀርባው ያለውን ግድግዳ ሳይቀር ያሳያል። አሁን ደግሞ ይህችን ብልቃጥ እዩ።

[ምስል፦ የመመርመሪያ ብልቃጥ፣ ውስጡ ደማቅ ቀይ።]

ቀይ። ከቀለም ካርዱ ጋር ሲመሳከር በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ማለት ነው፤ ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው። ኮራል የሚያድግበት የባህር ውሃ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም።

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ። ገንዳዬ የጨው ውሃ ነው፣ 75 ሊትር፤ እዚህ አሜሪካ 20 ጋሎን የሚሉት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሳሎናችን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዓሣዎቹ ሦስት ናቸው። ሦስተኛው ጎቢ ነው፤ ስለሚደበቅ ዛሬ ላታዩት ትችላላችሁ። በየቅዳሜው 20 በመቶ ውሃ እቀይራለሁ። ቅዳሜ ማታ ስመረምር 40። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሶ 50። ለወራት እንዲህ ከረምኩ። ባልዲ ተሸክሜ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

[ምስል፦ ነጭ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ሒሳብ።]

ለምን? ሒሳቡ ቀላል ነው። ገንዳው በሳምንት 10 ይጨምራል እንበል። እኔ ካለው ላይ 20 በመቶ አወጣለሁ። ናይትሬቱ ትንሽ ሳለ 20 በመቶውም ትንሽ ነው፤ የሚጨመረው ስለሚበልጥ ቁጥሩ ይወጣል። 50 ሲደርስ 20 በመቶው ልክ 10 ነው። የገባውና የወጣው እኩል ሆነ፤ እዚያው ላይ ቆመ። 10 በመቶ ብቻ ብቀይር ኖሮ የሚቆመው 100 ላይ ነበር።

አሁን ከሌላ አቅጣጫ እንየው። የሚጨመረውን ከ10 ወደ 3 ብናወርደውስ? በዚያው 20 በመቶ ቁጥሩ 15 ላይ ይቆማል። አንድ ባልዲ ሳንጨምር። ውሃ መቀየር ብቻውን ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው። መድረስ ያለብን ናይትሬቱ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

[ምስል፦ ምግብ ወደ ውሃ ሲወርድ፣ ክላውንፊሽ ሲሻማ።]

መነሻው ይሄ ነው፤ ምግብ። ዓሣው ይበላል፣ ያወጣል። የተረፈው ድንጋይ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል። ከዚህ ሁሉ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ በጨዋማ ውሃ ደግሞ ይብሳል፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት ልኬቱ፣ ከ8 በላይ ስለሆነ የመርዛማው ዓይነት ድርሻ ከፍ ይላል። ደግነቱ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራሉ። ሁለቱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ናይትሬት ከሁለቱም ይልቅ ገር ነው። ዓሣ ብቻ ያለበት ገንዳ 40ንም ይችለዋል። ኮራል ላለውና አልጌ ላስመረረው ግን ብዙ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛ ደረጃ አለ። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀሙና የቀረውን ናይትሮጅን ጋዝ አድርገው ይለቁታል። ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱው ነው። መውጫው በር ይሄ ነው። እስከዚህ ያለው መልክ መቀያየር ነው እንጂ ከገንዳው የወጣ ነገር የለም።

[ምስል፦ ለሁለት የተሰነጠቀ የሪፍ ድንጋይ፤ ውስጡ የተቦረቦረ።]

ሕያው ድንጋይ የሚባለው ለዚህ ነው የሚወደደው። ላዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ትንሽ ወደ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የለም። ላዩ ላይ የተሠራው ናይትሬት ጥቂት ሚሊሜትር ተጉዞ የመጨረሻዎቹን ባክቴሪያዎች ያገኛል። አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ሥራ። የበርሊን ዘዴ የሚባለውም የዚሁ ነው፤ ድንጋይና ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) ዋናውን ሥራ ይሠራሉ፣ ኳስና ቀለበት የሞላ ፊልተር አያስፈልግም።

አሁን የኔን ፊልተር እንክፈት። አፍንጫችሁን ያዙ።

[ምስል፦ ካኒስተር ፊልተር፣ ክዳኑ ሲነሳ። ቡናማ ዝቃጭ።]

ካኒስተር ነው፤ ገንዳው ሥር ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ባልዲ መሳይ ነገር። ከታች ሻካራ ስፖንጅ። መሀል ላይ ባዮቦል፣ እነዚህ ባለ ጥርስ የፕላስቲክ ኳሶች። ከላይ የሴራሚክ ቀለበት፣ ከዚያ ከሰል።

ይህ ቡናማው ምን ይመስላል? አተላ። ጠላ የጠመቀ ሰው ያውቀዋል። ፊልተሩ ቆሻሻውን ያዘው ስንል ከዓይናችን ሰወረው ማለታችን ነው። ከውሃው ግን አልወጣም። የገንዳው ውሃ በየደቂቃው በዚህ አተላ ውስጥ እያለፈ ነው የሚመለሰው፤ አተላው ደግሞ እዚያው ይበሰብሳል።

ባዮቦል የናይትሬት ፋብሪካ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ኳሱን ያለ ስሙ ስም አንስጠው። ከምንም ተነስቶ ናይትሬት አይፈጥርም፤ ከገባው አሞኒያ በላይም አያወጣም። ጥፋቱ ሌላ ነው። አንደኛ ጥርሶቹ መካከል አተላ ይሰበሰባል። ሁለተኛ ውስጥ የለውም፤ ሁሉም ላይ ላዩን ነው፣ ኦክስጅን ያለበት። ስለዚህ ሥራውን ናይትሬት ላይ ያቆማል። ድንጋዩ ሊቀበለው ይችል የነበረውን አሞኒያ ቀድሞ ይሻማና ግማሽ ሥራ ሠርቶ ናይትሬቱን ወደ ገንዳው ይልከዋል።

እንግዲያው ኳሶቹን እናውጣ? አዎ። ግን እባካችሁ በአንድ ቀን አይሁን።

እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሁሉንም አውጥቼ ስፖንጁንም ጭምር ከቧንቧው ሥር አድርጌ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት። በጣም ኮርቼ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ክላውንፊሾቹ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። አሞኒያ። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስቀይር አደርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏታል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን አለው፤ የተጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፣ የናንተን ባክቴሪያም አይምርም። ኳሶቹ ላይ የነበረው ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲባረር ድንጋዩ ላይ ያለው ቁጥሩን እስኪያበዛ ቀናት ይፈልጋል። ዓሣው ግን እነዚያን ቀናት አይጠብቅም።

[ምስል፦ ባልዲ ውስጥ የተቀዳ የገንዳ ውሃ፣ ጥቂት ኳሶች።]

ሁለተኛው ሙከራዬ ስምንት ሳምንት ወሰደ። መጀመሪያ ኳሶቹን አልነካሁም። ከሰሉን አውጥቼ የፊልተር ጥጥ አስገባሁ፤ ነጭ፣ ደቃቅ፣ ርካሽ። ካኒስተሩ ውስጥ ውሃው መጀመሪያ በሚያልፍበት በኩል፣ ከሻካራው ስፖንጅ ቀጥሎ አድርጉት። በየሦስት አራት ቀኑ አውጥታችሁ ጣሉት። እዚህ ላይ አትስነፉ። ጥጡ ላይ የቀረው ቆሻሻ ገና ናይትሬት አልሆነም፤ በሦስተኛው ቀን ከጣላችሁት ከገንዳው በእርግጥ ወጣ። ወር ከተዋችሁት ግን አንድ ተጨማሪ አተላ ማጠራቀሚያ ገዛችሁ ማለት ነው። ካኒስተር በየሦስት ቀኑ መክፈት የሚሰለቻችሁ ከሆነ፣ እኔንም ሰልችቶኛል፣ ገንዳው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ፊልተር ለዚህ ይሻላል።

ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ከኳሶቹ ሩቡን አወጣሁ። በወጣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን አሞኒያና ናይትራይት መመርመር ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ይቀጥላል። ትንሽም ቢታይ ምግብ ቀንሱ፣ ቀጣዩን ሩብ አቆዩት። ኳስ በምታወጡበት ሳምንት አሸዋ አታጽዱ፣ ስፖንጅም አትጠቡ። ስፖንጁ የሚታጠበው በሌላ ሳምንት፣ ውሃ ስትቀይሩ ባወጣችሁት የገንዳ ውሃ ነው።

[ምስል፦ በእጅ የተያዘ ባለ ቀዳዳ ነጭ ድንጋይ መሳይ ብሎክ።]

በኳሶቹ ቦታ ምን ይግባ? ገንዳው ውስጥ በቂ ድንጋይ ካለ ምንም። እኔ 10 ኪሎ አካባቢ አለኝ፤ ለሦስት ትንንሽ ዓሣዎች በቅቷል። ድንጋይ ካነሳችሁ ውስጡ ድረስ የተቦረቦረ የሴራሚክ ወይም የመስታወት ሚዲያ፣ የፊልተር መሙያ ማለት ነው፣ ይሸጣል። ቀለበት ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ላዩ ለስላሳ፣ ውስጡ ድፍን የሆነው ከኳስ አይለይም። ቀዳዳው በአተላ እንዳይደፈን ከጥጡ በኋላ አስቀምጡት። ውሃውም በኃይል ባይመታው ይመረጣል። ውጤቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ይወስዳል።

የሚንጠለጠል ፊልተር ያላችሁ ሌላ አማራጭ አላችሁ። ሆዱን ባዶ አድርጉና ኬቶ የሚባለውን እንደ ተጠላለፈ አረንጓዴ ክር ያለ አልጌ ክተቱበት። ከጎን መብራት አድርጉለት። ናይትሬት በልቶ ያድጋል። ሲሞላ ግማሹን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ናይትሬቱ አብሮ ይወጣል።

የማይረዳውንም ልንገራችሁ፣ ገንዘብ እንዳታባክኑ። ከሰል ሽታና ቢጫ ቀለም ያነሳል፤ ናይትሬትን አይነካም። ናይትሬት ይይዛል ተብሎ የሚሸጥ ሬዚን የሚባል ደቃቅ ፍሬ መሳይ ነገርም አለ። ለጨው አልባ ገንዳ ጥሩ ነው። ሲሞላ እንዴት እንደሚታደስ ታውቃላችሁ? ጨው ውሃ ውስጥ በመዘፍዘፍ። ክሎራይዱ ናይትሬቱን ገፍቶ ያስለቅቀዋል። የኛ ገንዳ ደግሞ ራሱ ጨው ውሃ ነው፤ በሊትር 19 ግራም ያህል ክሎራይድ አለው። ሬዚኑ ገና ሲገባ ተሸነፈ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን የአዲስ አበባ ልጅ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ካኒስተር ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ባክቴሪያው ሊሞት ይችላል፤ ውሃው ይበላሻል። መብራቱ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አታስነሱት። ክፈቱት፣ ያንን ውሃ ድፉ፣ አለቅልቁት። አተላው ባነሰ ቁጥር ይህም ጣጣ ይቀንሳል።

[ምስል፦ አዲስ ብልቃጥ፣ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ።]

በአሥረኛው ሳምንት፣ 15 አካባቢ። እዚሁ ይበቃኛል። ዜሮን አታሳድዱ፤ ናይትሬት ጨርሶ ሲጠፋ ኮራሉ ይገረጣል፣ ዳይኖ የሚባል ቡናማ ልጋግ ድንጋዩን ሊወርሰው ይችላል።

የናንተ ካልወረደ ፊልተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንዳንድ የመመርመሪያ ኪት ናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው የሚለካው፤ በዚያኛው 10 ማለት በኔ ኪት 44 ነው። መመሪያው ላይ አንብቡት። የኪቱ ሁለተኛ የጠብታ ጠርሙስ በደንብ ይወዝወዝ የሚል ካለም ወዝውዙት፤ እኔ ሳልወዘውዝ ስንት ጊዜ ዝቅተኛ ቁጥር አይቼ ደስ ብሎኛል። ሁለተኛው ነገር፣ ለመቀየሪያ የምታዘጋጁትን ውሃ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ብቻውን መርምሩት። አዲሱ ውሃ ራሱ 20 ይዞ ከመጣ ስትቀይሩ ኖራችሁ ከ20 በታች አትወርዱም። ያኔ መፍትሔው አርኦ ማጣሪያ፣ ውሃውን በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጠራ መሣሪያ፣ ወይም ከዓሣ ሱቅ የሚገዛ የተጣራ ውሃ ነው።

[ምስል፦ በረንዳ ላይ ኳስ የሞላ ባልዲ።]

ኳሶቹ እነዚህ ናቸው። ልጄ ለጨዋታ ጠይቃኝ ነበር። ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤያቸዋለሁ፤ ሽታቸው ገና አለቀቀም።