የወር መጨረሻው ኮፒ ፔስት ሰልችቶኛል፣ ኮድ ልማር? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ዛሬ የደወሉልን አድማጮች ሁሉም የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም ፕሮግራሚንግ መማር የጀመሩት፣ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡት፣ ከአንድ አሰልቺ ሥራ ለመገላገል ነው። በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። በየወሩ መጨረሻ ከቅርንጫፎች 40 የኤክሴል ፋይል ይላክልኛል። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ወደ አንድ ፋይል እገለብጣለሁ። ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ኮድ ጽፌ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከወረቀት ይጀምሩ። ሥራውን ለአዲስ ሠራተኛ እንደሚያስረዱ አድርገው በእስክሪብቶ ይጻፉት። «ፋይሉን እከፍታለሁ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሬ እገለብጣለሁ…» ቆይ፣ ለምን ከሦስተኛው? ሁለቱ ርዕስ ስለሆኑ። አንዱ ቅርንጫፍ ርዕሱን በአንድ ረድፍ ብቻ ቢልክስ? እስካሁን ዓይንዎ አይቶ እጅዎ ያስተካክለው ነበር። ኮምፒውተር ግን ያልነገሩትን አያውቅም። ይህን ለይቶ መጻፍ ራሱ ፕሮግራሚንግ ነው፤ እንዲያውም ከባዱ ክፍል እሱ ነው።

ኮዱን የሚጽፉበትን ቋንቋ ፓይተን ያድርጉት። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ቋንቋ ነው። በነጻ ይገኛል፣ አጻጻፉም ለጀማሪ አይከብድም። ኦፕንፓይኤክስኤል የሚባለው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ደግሞ ኤክሴል ሳይከፈት የኤክሴልን ፋይል ያነባል፣ ይጽፋል።

በመጀመሪያው ቀን 40ውን ፋይል ለመጠቅለል አይሞክሩ። ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን የፋይል ስሞች ብቻ የሚዘረዝር ኮድ ይጻፉ። ሦስት አራት መስመር ቢሆን ነው። ቀጥሎ አንዱን ፋይል ከፍቶ የመጀመሪያውን ረድፍ ያሳይዎ። ከዚያ ሁለት ፋይል። 40ው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞ አደራ፣ ዋናውን ፋይል አይንኩ፤ ኮፒ አድርገው በሌላ ፎልደር ይሞክሩ። ሰው ሲሳሳት አንድ ቦታ ነው። ኮድ ሲሳሳት 40ውንም በአንድ አፍታ ያበላሻል።

አንድ ትልቅ ዕድል አለዎት። ያለፈውን ወር በእጅዎ ሠርተው ጨርሰዋል። ኮዱን በዚያው ወር ፋይሎች ላይ ያስኪዱና ሁለቱን ድምሮች ያስተያዩ። ካልገጠመ ልዩነቱ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደሆነ ይፈልጉ። አንዳንዴ የተሳሳተው የእጅ ሥራው ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ቻትቦት ኮድ ይጽፍልኛል፣ ይሠራልም። ግን ምን እንደሚል አይገባኝም። ተምሬያለሁ ልበል?

መልስ፦ ገና ነው። አንድ መስመር ይቀይሩና ከማስኬድዎ በፊት ምን እንደሚሆን ይገምቱ። ግምትዎ ሲገጥም ያ መስመር ገብቶዎታል ማለት ነው። እስከዚያው ያልገባዎትን ኮድ የሥራ ፋይል ላይ አያስኪዱ። የደንበኞችን መረጃም ለቻትቦት አይስጡ።

ጥያቄ፦ የሠራተኞቻችን መለያ ቁጥር በ0 ይጀምራል። ኮዴ ያወጣውን ፋይል ስከፍተው 0ዎቹ የሉም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምናልባት ምንም። ኤክሴል የሲኤስቪ ፋይል (መረጃው በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሲከፍት ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል። 00417 የነበረው 417 ይሆናል። ፋይሉን በኖትፓድ ይክፈቱት። 0ው እዚያ ካለ ኮድዎ ጤነኛ ነው፤ ብቻ ከኤክሴል ሴቭ አያድርጉት። እዚያም ከሌለ፣ ዓምዱን እንደ ጽሑፍ እንዲያነበው ኮዱን ይንገሩት። እኔ የምከተለው መለኪያ ቀላል ነው፦ የማይደመር ቁጥር ጽሑፍ ነው። መለያም ስልክም እንደዚያው።

ይህ ነገር ሳይንቲስቶችንም አስቸግሯል። ሴፕት1 እና ማርች1 የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ስማቸውን ወደ ቀን እየቀየረ ብዙ የምርምር ሰንጠረዥ አበላሸ። የጂኖችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉትን ስሞች መለወጡን አሳወቀ።

ጥያቄ፦ የሁለት ቀን ሥራ በሁለት ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። ለአለቃዬ ልንገር ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ይንገሩ። ኮዱ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ስለሚነካ አይቲ ክፍልም ማወቅ አለበት። የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ ጽፈው ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡት። እርስዎ ፈቃድ ላይ ሲሆኑም ፋይሎቹ መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከአንድ ባልደረባዎ ጋር ቁጭ ብለው ያሳዩት። አሠራሩንም በግማሽ ገጽ ጽፈው ከኮዱ ጋር ያስቀምጡለት።