አሳማ በሌለበት ሰፈር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የምናገረው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው፤ ሙቀቱ ገና ስላልበረደ መስኮቱን ከፍቼዋለሁና የባጃጅ ድምፅ ቢረብሻችሁ ይቅርታ።

ያደግሁት መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት ሰፈር ነው። ሁለቱም ወገን የአሳማ ሥጋ ቤቱ ስለማያስገባ፣ ከአሳማ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሲነሳ «እኛን አይመለከተንም» ማለት ልማዳችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 «የአሳማ ጉንፋን» ዓለምን ሲያዳርስም ያልነው ይህንኑ ነው። ሆኖም ቫይረሱ አንዴ ወደ ሰው ከተሻገረ በኋላ የተዛመተው በሳልና በማስነጠስ እንጂ በሥጋ አልነበረም፤ ግብፅ ያን ጊዜ አሳማዎቿ ሁሉ እንዲታረዱ ማዘዟም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከንቱ ድካም ነበር።

ይህን ሐሳቤን ያወሳሰበብኝ ኒፓህ የተባለው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በማሌዥያ የአሳማ እርባታዎች ሲነሳ ትንኝ የምታስተላልፈው የጃፓን የአንጎል ብግነት ስለመሰላቸው ትንኝ ማጥፊያ ረጩ፣ ክትባትም ሰጡ፤ በሽታው ግን አልቆመም። የሚታመሙት በአብዛኛው አሳማ የሚነኩ አዋቂዎች ሲሆኑ፣ አሳማ የማይነኩት ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ግን እምብዛም አልተነኩም። በ1999 ቹዋ ካው ቢንግ የተባለ ሐኪም አዲሱን ቫይረስ ለየው። እስከዚያ ወረርሽኙ መጨረሻ በማሌዥያ 265 ሰዎች ታመው 105ቱ ሞቱ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሳማዎችም ተገደሉ።

እዚህ ላይ ብንቆም ልማዳችን ልክ ነበር ያሰኛል። ይሁንና የቫይረሱ ባለቤት አሳማው ሳይሆን ፍራፍሬ የሚበላው የሌሊት ወፍ ነው፤ በጋጣዎቹ አጠገብ ከተተከሉ የማንጎ ዛፎች ቀምሶ የጣለውን አሳማዎቹ ለቀሙት። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነባት ባንግላዴሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አሳማ ሳያስፈልገው ሰው ገድሏል፤ ሌሊቱን ማሰሮ ውስጥ የሚንጠባጠበውን ጥሬ የተምር ዛፍ ፈሳሽ የሌሊት ወፎች ይልሱታል፣ ይሸኑበታልም፤ ጠዋት ሰው ይጠጣዋል። (ይህ ፈሳሽ እኛ ጾም የምንፈታበት ተምር አይደለም፤ እንዳትደነግጡ።) የታመመውን ያስታመሙ ዘመዶችም ተይዘዋል።

የሰፈራችን የሌሊት ወፎች ኒፓህ ተሸክመዋል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በልጅነታችን ወፍ የቀመሰውን ማንጎ እንጥለው ነበር ብል ዋሽቼ ይሆናል፤ የተነከሰውን ወገን በቢላዋ ቆርጠን ቀሪውን እንካፈለው ነበር። ትናንት ጠዋት ከግቢያችን ዛፍ ሥር ሁለት የተነከሱ ማንጎዎች አይቼ ላነሣቸው ስወጣ፣ አንዱን የጎረቤታችን ፍየል ቀድማኝ ነበር።