«ያው ስልክ፣ ያው ሰው፤ ምን ተለወጠ?»

የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሎስ አንጀለስ የደወሉ እህት፦ «ቨርጂኒያ ሳለሁ አማርኛ የምትናገር የሥነ ልቦና ባለሙያ በቪዲዮ ትከታተለኝ ነበር። ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ መቀጠል አልችልም አለችኝ። ያው ስልክ፣ ያው ሰው፤ ምን ተለወጠ?»

እህቴ፣ የተለወጠው እርስዎ የተቀመጡበት ቦታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሥነ ልቦና ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው፤ ሕጉ የሚያየውም ታካሚው በዚያች ሰዓት የት እንዳለ ነው። ሳይፓክት የሚባል የስቴቶች ስምምነት አለ፤ ከ2020 ጀምሮ የአንዱ ስቴት ባለሙያ የሌላውን ስቴት ታካሚ በቪዲዮ እንዲያይ ይፈቅዳል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ገብተውበታል፤ አሁን እርስዎ ያሉባት ካሊፎርኒያ ግን የለችበትም። ካሊፎርኒያ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንዲሠራ የምትፈቅደው በዓመት እስከ 30 ቀን ብቻ ነው። በቋንቋዎ የሚሰማዎትን ሰው ማጣት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለሙያዋ በዚህ መንገድ ጥቂት ቀጠሮ ይዛ ለሌላ ሰው በአግባቡ ታስረክብዎ እንደሆነ ይጠይቋት። እምቢ ያለችው ጠልታዎ አይደለም፤ ፈቃዷን ልታጣ ስለምትችል ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አባት፦ «ባለቤቴ እንግሊዝኛ አትችልም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ስትቀርብ የ13 ዓመት ልጃችን ብታስተረጉምላትስ?»

ወንድሜ፣ እባክዎ አያድርጉት። ሜዲኬይድ የተባለውን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበል ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ የፌዴራሉ ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር በሕፃን ልጅ ማስተርጎምን ይከለክላል። አንድ ነገር ላሳይዎ። «ሞቼ በተገላገልኩ» የምትለውን ቃል እናቶቻችን ወጥ ሲያርባቸውም ይሏታል። ልጅቷ ቃል በቃል ከተረጎመቻት ባለሙያው «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ያንን ጥያቄ ደግሞ ለእናቷ የምታስተላልፈው ያቺው ልጅ ናት። የባሰው ግን ሌላው ነው፦ እናት ከልቧ ስትለው ልጅ ደንግጣ ትውጠዋለች፤ ባለሙያውም ሳይሰማ ይቀራል።

«እገድለዋለሁ» የምትለውም እንዲሁ ናት። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በታራሶፍ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ታካሚ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ከዛተ ባለሙያው ያንን ሰው ለመጠበቅ እርምጃ መውሰድ አለበት። እናንተ ያላችሁባት ሜሪላንድም የዚህ ዓይነት ሕግ አላት። የንዴት ቃልንና እውነተኛ ዛቻን መለየት የሚችል አዋቂ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

እኚሁ አባት አያይዘው፦ «አስተርጓሚዋ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ብትሆንስ?»

እሷም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት። ቢሆንም ሐፍረቱ ይገባኛል፤ በየለቅሶው የምንገናኝ ሰዎች ነን። ቀጠሮ ሲይዙ «በስልክ የሚሠራ፣ ከሌላ ስቴት የሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ይጠይቁ። ምስጢሩ የሚወጣባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፦ ሕፃን ላይ ጥቃት ከተጠረጠረ፣ የራስ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ስለሌለዎት ግን ባለሙያው ለኢሚግሬሽን እንዲናገር የሚያስገድደው የሙያ ሕግ የለም።

ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፦ «ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ዶክትሬት አለኝ፤ እዚህ መሥራት እችላለሁ?»

በቀጥታ አይቻልም። ትምህርትዎ ይገመገማል፣ በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር የሠሩት ሰዓት ይቆጠራል፣ 225 ጥያቄ ያለውን ኢፒፒፒ የተባለውን ፈተና ማለፍ ይኖርብዎታል። እስከዚያ ድረስ ራስዎን «ሳይኮሎጂስት» ብለው አያስተዋውቁ፤ መጠሪያው በሕግ የተጠበቀ ነው። ማኅበረሰባችን እንደ እርስዎ ያለ ሰው አጥብቆ ይፈልጋል፤ መንገዱን ይጀምሩት።

የመጨረሻው ደዋይ፦ «ባለሙያው ፈቃድ እንዳለው በምን አውቃለሁ?»

የስቴትዎ የሳይኮሎጂ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ይጻፉ። ፈቃዱ የጸና መሆኑንና ቅጣት ተጥሎበት እንደሆነ ያሳይዎታል፤ ክፍያ የለውም። ስሙ ከሌለ የሌሎቹን የማማከር ሙያዎች ቦርድም ይዩ፣ ምክንያቱም ካውንስለሮችና ሶሻል ወርከሮች የሚመዘገቡት በሌላ ቦርድ ነው።